ዓሣው ያለው ከሚታይበት ሥር ነው

የብርሃን ስብረትን ሕግ ለዓመታት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንጽፍ ኖረናል። ጋምቤላ ከተማ አጠገብ በባሮ ወንዝ ዳር ጦር ጨብጠን በቆምንበት ማለዳ ግን ሕጉን እያወቅን ሦስት ጊዜ ወርውረን ሦስቱንም ሳትን።

ጊዜው በጋ ነበር። በክረምት ከምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ በሚወርደው ጎርፍ የሚደፈርሰው ባሮ በበጋ ይጎድላል፤ በዳርቻውም ጥልቀት የሌለው ውኃ ይተዋል። የአካባቢው አኙዋዎች በጦር ዓሣ መውጋትን ከአባቶቻቸው የተማሩ ናቸው። መምህራችን የአንድ ተማሪያችን አያት ሲሆኑ፣ ተማሪው ራሱ አስተርጓሚያችን ነበር። አዛውንቱ ሙከራችንን በትዕግሥት ከተመለከቱ በኋላ፣ «ልጄ፣ የምታየውን አትውጋ፤ ከሆዱ በታች ውጋ» አሉን።

ዓይን የሚታለልበት ምክንያት

የብርሃን ፍጥነት በአየር ውስጥ በውኃ ውስጥ ካለው 1.33 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ከዓሣው የተነሣ ብርሃን ከውኃ ወደ አየር በሰያፍ ሲወጣ አቅጣጫው ይሰበራል። አእምሯችን ግን ብርሃኑ በቀጥታ መስመር እንደመጣ ስለሚቆጥር ዓሣውን ከእውነተኛ ቦታው ከፍ አድርጎ ያሳየናል። ይህንን ሕግ ኢብን ሳህል በባግዳድ እ.ኤ.አ. በ984፣ ሆላንዳዊው ስኔል ደግሞ በ1621 ደርሰውበታል።

ለምሳሌ ውኃውን በ45 ዲግሪ አዘንብለን ብናይ፣ በውኃው ውስጥ ብርሃኑ ከቋሚው መስመር የሚያዘነብለው በ32 ዲግሪ ገደማ ነው። ዓሣው በ1 ሜትር ጥልቀት ላይ ቢሆን፣ የዓይናችንን መስመር ተከትሎ የተወረወረ ጦር ከዓሣው በላይ 37 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ያልፋል።

ከቀመሩ በላይ

ታዲያ ሕጉን እያወቅን ስለምን ሳትን? ቀመሩ ጥልቀቱንና ማዕዘኑን ይጠይቃል፤ ዓሣው ግን እስክናሰላ አይጠብቅም። አዛውንቱ ስሕተቱን የሚቀንሱት በአቋቋማቸው ነው። በመጀመሪያ አዞ አለመኖሩን ውኃውን በዓይናቸው ይመረምራሉ። ከዚያም የውኃው ነጸብራቅ ዓይናቸውን እንዳይወጋ ፀሐይን ፊት ለፊት አይቆሙም። በመጨረሻም ሳይንቀሳቀሱ ዓሣው እግራቸው ሥር እስኪደርስ ይጠብቃሉ። በቀጥታ ወደ ታች ለሚያይ ሰው 1 ሜትር ጥልቀት 75 ሴንቲ ሜትር ያህል መስሎ ይታያል እንጂ ዓሣው ወደ ጎን አይሸሽም፤ ቀጥ ብሎ የወረደ ጦርም አይስትም።

በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩት ኢኑይቶችም የሐይቁን በረዶ በስተው፣ በቀዳዳው ላይ አጎንብሰው፣ ካኪቫክ በተባለው ባለ ሦስት ጣት ጦር ዓሣ ይወጋሉ። ቀዳዳው ራሱ ወደ ታች ያሳያቸዋል። ሁለቱ ሕዝቦች እጅግ ተራርቀው ቢኖሩም የሚያስተምራቸው ብርሃን አንድ ነው።

በስድስተኛው ሙከራ አንዲት አነስተኛ ቆሮሶ በጦራችን ጫፍ ወጣች። አዛውንቱ ሳቁ፤ አስተርጓሚያችን ግን ዝም አለ። የስብረትን ጥያቄ በፈተና ላይ በትክክል የሠራ ልጅ ነው፤ የአያቱ ሥራ ያው ሕግ መሆኑን ግን ያን ዕለት ገና መገንዘቡ ነበር። ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም። ከውጭ አገር መጽሐፍ የቀዳነውን ሥዕል ሰሌዳ ላይ ስንስል፣ ባሮን ያልጠቀስንለት እኛው ነን።

እናንተም ሞክሩት። በውኃ በተሞላ ጎድጓዳ ሣህን ውስጥ ሳንቲም አኑሩና በሰያፍ እያያችሁ በቀጭን እንጨት ቀጥታ ለመንካት ሞክሩ። ስትስቱም በቀመሩ አስሉት። ከዚያም አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ የሚነግሯችሁንም በደብተራችሁ ጻፉት።