ጨጓራውን በቀዶ ጥገና ለማሳነስ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባ

እጅግ የወፈረን ሰው ባየን ጊዜ ፈቃደ ሥጋውን መግታት የተሳነው ነው ብለን ለመፍረድ እንቸኩላለን፤ ነገር ግን ሰውነት አንድ ጊዜ የደረሰበትን ክብደት እንዳያጣ ረኃብን እያበረታ የሚታገል ስለ ሆነ፣ ብዙ ዘመን ደክሞ የቀነሰው ኪሎ የተመለሰበት ሰው የሚያስፈልገው ሕክምና እንጂ ተግሣጽ አይደለም። ይህንን የምለው ቀዶ ጥገናው የሰነፍ መሸሻ ነው የሚለው ሐሜት ብዙ ሕመምተኞችን ከሐኪም ደጅ እንደሚያርቅ ስለማምን ነው።

ሐኪሞች የሰውን ክብደት በኪሎ ይዘው ለቁመቱ በሜትር ሁለት ጊዜ በማካፈል ልኩን ያወጣሉ፤ ቁመቱ 1.65 ሜትር፣ ክብደቱ 110 ኪሎ የሆነ ሰው ልኩ ከ40 ጥቂት ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ የወጣው መመሪያ ቀዶ ጥገናውን የፈቀደው ልኩ 40 ለደረሰ፣ ወይም 35 ደርሶ ሌላ ጽኑ ሕማም ለተጨመረበት ነበር፤ በ2022 ግን የሙያው ማኅበራት ወሰኑን ዝቅ አድርገው፣ 35 ለደረሰ ሁሉ፣ የስኳር በሽታ ላለበትም ከ30 ጀምሮ እንዲሆን መከሩ።

በብዛት ከሚሠሩት ከሁለቱ ዐይነቶች አንደኛው ከጨጓራው ሦስት አራተኛ ያህሉን ቆርጦ የሚያወጣ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከጨጓራው ራስ ትንሽ ከረጢት አበጅቶ ከትንሹ አንጀት ጋር ያገናኘዋል። የተቆረጠ ጨጓራ ተመልሶ አይተከልም።

ጥቅሙን በስዊድን ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተካሄደው ጥናት ያስረዳል፤ ወደ 11 ዓመት በሚጠጋ ክትትል ውስጥ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው 2,010 ሰዎች 101፣ በተለመደው ሕክምና ከቆዩት 2,037 ሰዎች ደግሞ 129 ሞተዋል። ልዩነቱ ተአምር ባይሆንም፣ የብዙ ሰው ነፍስ ነውና ታናሽ አይባልም።

ይሁን እንጂ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ስላለው ዕድሜ ነው። ሰውየው እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ቫይታሚን፣ በተለይም ቢ 12፣ እንዲሁም ብረትና ካልሲየም መውሰድ፣ ደሙንም በየጊዜው ማስመርመር አለበት፤ አንጀቱ የተገናኘበት ሰው መጠጥ ፈጥኖ ያሰክረዋል፤ ሴትም ብትሆን ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ከመንፈቅ ሳታረግዝ እንድትቆይ ትመከራለች። ትጋቱ ከላላ ክብደቱ በከፊል ይመለሳል። በእኛ ቤት ደግሞ ሌላ ፈተና አለ፤ ጥቂት በጥቂቱ አላምጦ፣ ቅድሚያ ለሥጋ፣ ለዕንቁላልና ለጥራጥሬ ሰጥቶ መብላት የሚገባውን ሰው፣ ወዳጅ ዘመድ «በሞቴ» እያለ በጉርሻ ያስጨንቀዋል፤ ስለዚህ ቤተ ሰቡ ከመጀመሪያው የምክሩ ተካፋይ ይሁን። ጾመኛ የሆነም፣ ጥሉላትን በሚተውበት ወራት ሰውነቱ እንዳይጎዳ፣ አስቀድሞ ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ያማክር፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ርኅራኄ ታደርጋለችና።

ዛሬ ክብደት የሚቀንሱ መርፌዎች ስለ መጡ እነርሱን ማመዛዘንም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሲቋረጡ ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ለቀዶ ጥገናው ባሕር ተሻግሮ ለመሄድ የሚነሣ ደግሞ፣ ከተመለሰ በኋላ ስፌቱ ቢያፈስስ ማን እንደሚደርስለት፣ ከስድስት ወር በኋላም ደሙን ማን እንደሚመረምርለት ይጠይቅ፤ መልስ ካላገኘ የጉዞውን ቀን ማዘግየቱ ይሻለዋል።