ሰርቨር ሲንቀራፈፍ፦ ከግዢ በፊት ልኬት

የዩኒክስ ሰርቨርን ብቃት ማስተካከል ማለት ያለው መሣሪያ የተጣለበትን ሥራ በወቅቱ እንዲያደርስ ማድረግ ነው። ዩኒክስን በ1969 እ.ኤ.አ. በቤል ላብስ የጀመሩት ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ናቸው። በ1991 እ.ኤ.አ. የመጣው ሊኑክስ የዩኒክስን አሠራር ተከትሎ የተሠራ ሲሆን፣ ከኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓለም ቀዳሚ የሆኑት 500 ሱፐርኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩት በእሱ ነው።

የሰርቨር ፍጥነት በአራት ነገሮች ይወሰናል፦ በፕሮሰሰር፣ በሜሞሪ፣ በዲስክና በኔትወርክ። ነገሩን በመንገድ እንመስለው፦ ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳው የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ባለ 6 መስመር ነው፤ ሰልፉ ያለው የክፍያ ጣቢያው ላይ ከሆነ ግን መስመር መጨመር አያሳጥረውም። በሰርቨርም ከአራቱ የተጨናነቀውን ሳይለዩ ሌላውን ማሳደግ ፋይዳ የለውም።

ምርመራው የሚጀምረው «አፕታይም» በተባለው ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ያለፉትን 1፣ 5 እና 15 ደቂቃዎች አማካይ ጫና በሦስት ቁጥሮች ያሳያል። ባለ 4 ኮር ሰርቨር ላይ ቁጥሩ 12 ከደረሰ ተራ የሚጠብቅ ሥራ በዝቷል ማለት ነው። ምን እንደሚጠብቅ የሚለየው «ቪኤምስታት» የተባለው ትእዛዝ ነው። ፕሮሰሰሩ በአብዛኛው ሥራ ፈቶ፣ የዲስክ ጥበቃው ቁጥር ግን ከፍ ብሎ ከታየ ችግሩ ዲስኩ ጋ ነው፤ ሊኑክስ ዲስክ የሚጠብቁ ሥራዎችንም በጫናው ውስጥ ይቆጥራልና። እንዲህ ባለ ጊዜ አዲስ ፕሮሰሰር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ለምሳሌ ሰርቨሩ ላይ ያለው ዳታቤዝ አንድ መዝገብ ለማግኘት ሠንጠረዡን በሙሉ የሚያነብ ከሆነ፣ ተገቢውን ኢንዴክስ መሥራት ብቻ ሊበቃ ይችላል።

ሜሞሪ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ሊኑክስ ሥራ ፈት ሜሞሪን ከዲስክ ላነበባቸው ፋይሎች ማቆያ ስለሚያውለው፣ «ነጻ» የሚለው ቁጥር ማነሱ በራሱ አያሳስብም። የሚያሳስበው ሲስተሙ ዳታን ከሜሞሪ ወደ ስዋፕ (ሜሞሪ ሲሞላ ዲስክ ላይ የሚያገለግል ማቆያ)፣ ከስዋፕ ወደ ሜሞሪ ያለማቋረጥ ሲያመላልስ ነው።

አንዳንዴ አራቱም ደህና ሆነው ሰርቨሩ አዲስ ተጠቃሚ አልቀበል ይላል። በብዙ የሊኑክስ ሲስተሞች አንድ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ የሚከፍታቸው ፋይሎችና ግንኙነቶች ካልተስተካከለ በቀር በ1024 የተገደቡ ናቸው። ለምሳሌ በተማሪዎች ምዝገባ ወይም በውጤት ማሳወቂያ ቀን ሺዎች አንድ ላይ ሲገቡ ይህ ገደብ ቶሎ ይሞላል።

የማስተካከያው ሥርዓት አጭር ነው። በአዘቦት ቀን ለክቶ መመዝገብ፣ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ እንደገና መለካት፣ ለውጥ ካልመጣ ወደ ነበረበት መመለስ። ሁለት ነገር አንድ ላይ የለወጠ ባለሙያ የትኛው እንደሠራለት አያውቅም።

ሰርቨር በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ መለኪያዎቹ ግን ሰርቨሩ ላይ በነጻ የሚገኙ ናቸው። ስለዚህ የግዢ ጥያቄ ላይ የሚፈርም ኃላፊ ሁሉ በመጀመሪያ የልኬቱን መዝገብ ይጠይቅ።