መርዶ ያልሆነውን እንደ መርዶ መደበቅ

በጡቷ ላይ ጠጠር የሚያህል፣ ሲነኩት የማያምም እብጠት ያገኘች በባሌ ያለች አንዲት የሪራ መንደር ሴት በዐይነ ኅሊናችን እንመልከት። ከሐረና ደን አናት ላይ ካለችው መንደሯ በማለዳ ተነሥታ፣ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የሳነቴን አምባ፣ ጅብራ የተባለው ተክል ውርጭ ለብሶ ቆሞ ሳለ፣ በመኪና አቋርጣ ጎባ ሆስፒታል ትደርሳለች፤ ናሙናም ተወስዶላት ከቀናት በኋላ ለውጤቱ ትመለሳለች። በዚያች ዕለት ከሐኪሙ ክፍል በር ላይ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል ግን የእርሷ ስም ሳይሆን «አስታማሚ አለ?» የሚል ይሆናል። ወንድሟ ብድግ ብሎ ይገባል፤ እርሷ የራጅ ፖስታዋን በፌስታል እንደ ያዘች በአግዳሚው ላይ ትቀራለች። ሲወጣ ፊቱ ጠቁሯል፤ «ደኅና ነው፣ ትንሽ መድኃኒት ብቻ ነው ያዘዘልሽ» ይላታል። እርሷም ሁሉን ከፊቱ አንብባ እንዳላነበበች ትሆናለች።

ይህ የወንድምየው ጭካኔ አይደለም፤ ከመርዶ ሥርዓታችን የተወረሰ ርኅራኄ ነው። በአገራችን የሞት ወሬ ለባለቤቱ በድንገት አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ የሚደግፍ ክንድ ከተዘጋጀ በኋላ ጎሕ ሲቀድ ይረዳል እንጂ። ጥበብ ያለበት ሥርዓት ነው፤ ዳሩ ግን የተሠራው ለሟች ዘመድ እንጂ ሕያው ሰው ስለ ገዛ አካሉ እንዲሰማ አይደለም። መርዶ ቢዘገይ የሞተው አይጎዳም፤ የደዌዋ ስም የተሰወረባት ሴት ግን ኬሞ የተባለው የካንሰር መድኃኒት ለምን እንደሚሰጣት ሳታውቅ ጸጉሯ ሲረግፍ፣ ምግብም ሲያስጠላት፣ መድኃኒቱን ራሱን በሽታ አድርጋ ትቆጥረዋለች፤ ሕክምናውንም በመካከሉ ትታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ጸጉሩ ሕክምናው ሲያበቃ ተመልሶ እንደሚበቅል አስቀድሞ የነገራት ሰው ቢኖር ኖሮ ግን ሻሿን አስራ ቀጠሮዋን ትጠብቅ ነበር።

ቋንቋችንም በዚህ ነገር ዕዳ አለበት። «ነቀርሳ» የሚለው ቃል የሳንባውንም ደዌ ካንሰርንም በአንድነት ሲጠራ የኖረ ስለ ሆነ፣ ስሙን ብቻ የሰማ ቤተሰብ ሲኒዋን ይለያል፣ ልጆቿንም ከጉያዋ ያርቃል። የሳንባው በትንፋሽ ይተላለፋል፤ የጡት ካንሰር ግን የራሷ የሰውነት ሕዋሳት ያለ ልክ ሲባዙ የሚፈጠር ነውና በሲኒም ሆነ በመኝታ አይተላለፍም። «ብረት ከነካው ይበተናል» የሚለውም ወሬ ብዙ ሴት አስቀርቷል፤ የወሬው ምንጭ ምናልባት ዘግይተው ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውና ያልዳኑት ናቸው፤ የጎዳቸው መዘግየቱ ሆኖ ሳለ ጥፋቱ ለቢላው ተቈጠረ።

ደዌው ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም 2.3 ሚሊዮን ሴቶች ይኸው ውጤት ተነግሯቸዋል፤ በኢትዮጵያም ሴቶችን ከሚይዙት የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው ይህ ነው፤ ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም ወንዶችንም ይይዛል። ሕክምናው ቀዶ ሕክምናን፣ ኬሞን፣ ጨረርን፣ ዕጢው በሆርሞን የሚያድግ ከሆነም እንደ ታሞክሲፈን ያለውን በየቀኑ ለ5 ዓመትና ከዚያም በላይ የሚዋጥ ክኒን ያጠቃልላል። ስለዚህ ሕመምተኛዋ የምትጠይቀው ነገር አላት፤ ይኸውም ደረጃው ስንተኛ ነው፣ የሆርሞን ምርመራው ምን አለ፣ የሚቀድመውስ የቱ ነው የሚለው ነው። ጨረር ለማግኘት ለረጅም ዘመን የአገሩ ሰው ሁሉ የሚሄደው አዲስ አበባ፣ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነበር፤ ከባሌ ሮቤ እስከዚያ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሪፈር የተጻፈላት የባሌ ሴት የመሳፈሪያውን፣ የአልጋውንና የአስታማሚውን ወጪ ስታሰላ ከደዌው ይልቅ መንገዱ ያስፈራታል። በሉኪሚያ ባረፈ ሕፃን ልጃቸው ስም ወላጆቹ ያቋቋሙት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ችግረኛ ሕሙማን ማረፊያ የሚያዘጋጀው ይህን አይቶ ነው።

ስለ ጠያቂዎችም አንድ ቃል ልናገር። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት በመሬት ላይ ዝም ብለው የተቀመጡ ጊዜ እውነተኛ ወዳጆች ነበሩ፤ የሳቱት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው። በእስልምናም ሕሙምን መጠየቅ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ አንዱ ነው። በሪራ ቤት ቡናው ተቈልቶ ጭሱ እየዞረ «አይዞሽ» ማለት መልካም ነው፤ ከአይዞሽ ቀጥሎ «እገሊትም በዚሁ ሞተች» የሚል ጠያቂ ግን በሩ ላይ ቢመለስ ይሻላል። ከጠያቂ ሁሉ የምትበልጠው ያንኑ መንገድ ሄዳ የተመለሰችዋ ናት። ይህን እ.ኤ.አ. በ1952 ጡቷ በቀዶ ሕክምና የተወገደባት ቴሬዝ ላሰር የምትባል አሜሪካዊት ተረድታው፣ እንደ እርሷ የተደረገላቸውን ሴቶች በየሆስፒታሉ አልጋ እየዞረች ትጠይቅ ጀመር፤ ሐኪሞች መጀመሪያ አልወደዱላትም፤ በኋላ ግን በ1969 የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ሥራዋን የራሱ አደረገው። በባሌም ታክማ የዳነችዋ ብዙ ጊዜ በሐፍረት ዝም ብላ ትኖራለችና፣ ለአንዲት ጎረቤቷ ብቻ ሻሿን ገልጣ የበቀለውን ጸጉሯን ብታሳይ፣ አሥር ሐኪም የማይሰጠውን መጽናናት ትሰጣለች።

አስታማሚ ሆነህ ይህን የምታነብ ወንድሜ ሆይ፣ አንተ ከክፍሉ ስትወጣ ሳይሆን አብራችሁ ስትገቡ ትስማ፤ ፖስታውንም ለራሷ ስጣት።