ቆሞ የሚያረጅ ዘይት

ከዴንቨር አጠገብ ካለችው ከእንግልውድ በሳንታፌ መንገድ ወደ ደቡብ ሲነዳ ሴዳሊያ የምትባል ትንሽ መንደር ትገኛለች። ከዚያ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ሽቅብ ከተወጣ ራምፓርት ሬንጅ ይደረሳል። በፓይክ ብሔራዊ ደን ውስጥ ያለ፣ ለሞተር ብስክሌትና ኤቲቪ ለሚባለው ባለ አራት ጎማ ሞተር የተከፈተ ጥዳማ ተራራ ነው። መሬቱ የተፈረፈረ ሮዝማ ግራናይት ስለሆነ ቁልቁል ሲወርዱ ጠጠሩ ከጎማ ሥር ይሸሻል። በጸደይ ቅዳሜ ጠዋት በፒክአፕና በተጎታች ላይ ታስረው ወደዚያ የሚጓዙት ባለ አራት ጎማ ሞተሮች ብዙዎቹ ቀዝቃዛውን ወራት ጋራዥ ውስጥ ቆመው የከረሙ ናቸው። ባለቤቶቻቸው ባትሪ ይሞላሉ፣ የጎማ ንፋስ ይለካሉ፣ የሞተር ዘይት ይቀይራሉ። የፍሬን ዘይቱን ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፤ ሞተሩ ካልተነዳ ዘይቱ ምን ይሆናል? ይሆናል እንጂ! ፍሬን ዘይት የሚያረጀው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በወራት ነው።

ኤቲቪ ራሱ የቅርብ ጊዜ ማሽን ነው። ሆንዳ ባለ ሦስት ጎማውን በ1970 ለአሜሪካ ገበያ አቀረበ፤ ሱዙኪ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባለ አራት ጎማ አስከተለ። ባለ ሦስቱ በቀላሉ እየተገለበጠ ብዙ ሰው በመጉዳቱ፣ ከ1988 የፍርድ ቤት ስምምነት በኋላ በአሜሪካ አዲስ መሸጡ ቀረ። ዛሬ የምናየው ማሽን ብዙውን ጊዜ ከፊት ሁለት የዲስክ ፍሬን አለው። በአንዳንዱ የቀኝ እጀታ የፊቱን፣ የግራው እጀታና የእግር ፔዳሉ የኋላውን ይይዛሉ፤ በሌላው ደግሞ አንዲት የግራ እጀታ አራቱንም ጎማ ታቆማለች። የኋላው በገመድ የሚሠራ ታምቡር ፍሬን የሆነበትም አለ፤ እሱ ግን የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም።

የዘይት ፍሬን አሠራር ፈረንሳዊው ፓስካል በ17ኛው መቶ ዘመን ባስተዋለው ነገር ላይ የቆመ ነው፤ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ አንዱ ጫፍ ላይ ሲጫኑት ግፊቱን ሳያጎድል ለሌላው ጫፍ ያደርሳል። ይህን ለመኪና ያዋለው ማልኮም ሎክሂድ ነው፤ ወንድሙ አለን ስሙን በአውሮፕላን ፋብሪካ ያስጠራው ነው። በአራቱም ጎማ የዘይት ፍሬን ይዞ ለገበያ የወጣው የመጀመሪያው የአሜሪካ መኪና የ1921ዱ ዱዘንበርግ ነበር። እጀታው ሲጨበጥ በመሪው ላይ ያለችው ትንሽ ማስተር ሲሊንደር ዘይቱን ትገፋለች፣ ዘይቱ በቱቦ ሄዶ የካሊፐሩን ፒስተን ይገፋል፣ ፒስተኑ ሸራውን ከዲስኩ ጋር ያጣብቃል። ፈሳሽ አይጨመቅም፤ የፍሬን ሥራ በሙሉ በዚህች ላይ የተንጠለጠለ ነው። አየር ግን ይጨመቃል። በቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ካለ እጅ የሚያወጣው ጉልበት አረፋውን በመጭመቅ ያልቃል፤ እጀታው ይለሰልስና እስከ መሪው ድረስ ይሰምጣል።

አየሩ ከየት ይመጣል? አንዳንዴ ከሚያፈስ ቱቦ ወይም ክዳኑ ተከፍቶ ዘይቱ ካለቀበት ቀን ነው። ተንኮለኛው ግን ዘይቱ ውስጥ የሚፈጠረው እንፋሎት ነው። በብዛት የምንጠቀምበት ፍሬን ዘይት፣ ጠርሙሱ ላይ ዶት 3፣ ዶት 4 ወይም ዶት 5.1 የተጻፈበት፣ ከአየር እርጥበት ይስባል። በክዳኑ ቀዳዳ፣ በላስቲክ ቱቦው ግድግዳ ሳይቀር ውሃ ይጠጣል። የአሜሪካ ደንብ እንደሚለው አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ 3.7 በመቶ ውሃ ከገባበት ግን የሚጠበቅበት 155 ብቻ ነው። ዶት 3 ከ205 ወደ 140 ይወርዳል። ዲስክና ሸራ በረጅም ቁልቁለት ሲጋሉ ከእነዚህ ቁጥሮች በላይ ይሄዳሉ፤ ሙቀቱም በፒስተኑ በኩል ወደ ዘይቱ ይሻገራል።

የዴንቨር አየር ደረቅ መሆኑ ያዘናጋል። የአዲስ አበባ ክረምት እዚህ የለም፣ ዕውነት ነው፤ ግን ኤቲቪ ጅረት ይሻገራል፣ በኃይለኛ የውሃ ግፊት ይታጠባል፣ ማሞቂያ በሌለው ጋራዥ ውስጥ ሌሊት ይቀዘቅዛል ቀን ይሞቃል። አምራቾች በአብዛኛው በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚሉት ማሽኑ ተነዳም ቆመም ነው።

እንፋሎቱ ተንኮለኛ የሚሆነው ምስክር ስለማይተው ነው። ተራራ ላይ እጀታው ድንገት ይሰምጣል፤ ሰውየው እንደምንም ማሽኑን ዳር ያስይዛል፣ ውሃ ይጠጣል፣ እስኪረጋጋ ይቆያል። በዚያ መሃል ዘይቱ ይበርዳል፣ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፣ እጀታውም እንደ ጥንቱ ይጠነክራል። ቤት ደርሶ ቢፈትሸው ምንም የለበትም። «እኔ ነኝ በደንብ ያልጨበጥኩት» ብሎ ይተወዋል።

እዚህ ላይ ስለ ዶት 5 አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ ከፍ ስላለ ይበልጣል ብሎ የሚገዛ አለና። ዶት 5 ሲሊከን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሐምራዊ ቀለም አለው፤ ከሌሎቹ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም። ውሃ አይጠጣም፤ ይሄ መልካም ይመስላል። ነገር ግን የገባው ውሃ ስለማይሟሟ ተለይቶ ወደ ታች ይወርዳል፣ ማለትም እጅግ ወደሚግለው ካሊፐር። ንጹሕ ውሃ ደግሞ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ የሚፈላውን ያህል በዴንቨር ከፍታ አይጠብቅም፤ 1,600 ሜትር ላይ በ95 ገደማ ይፈላል። የማስተር ሲሊንደሩ ክዳን ላይ ዶት 4 ከተባለ ዶት 4 ነው፤ የሞተር ዘይትማ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ያበላሻቸዋል።

ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ መኪና ያወረደ ሾፌር የጋለ ፍሬን የሚያመጣውን ያለ ቴርሞሜትር ያውቀዋል። ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ጀማሪ ነው፤ ዐዋቂው ከባድ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ እንዲይዝለት ያደርጋል። እዚህ ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይም፣ እስከ 4,302 ሜትር ከፍታ ወጥቶ የሚመለስን መኪና ጠባቂዎች ግሌን ኮቭ ላይ አስቁመው የፍሬኑን ሙቀት ይለካሉ፤ የጋለበትን እስኪበርድ ያስቆዩታል። ብዙ ኤቲቪዎች በቺንጋ የሚሠራ አውቶማቲክ ስላላቸው ማርሽ መምረጥ የለም፤ ኤል የምትለዋን ዝቅተኛ ማርሽ ግን ለዚሁ ብለው ነው ያስቀመጧት።

አሁን ወደ ሥራው። የሚያስፈልገው ያልተከፈተ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ዘይት፣ በካሊፐሩ ላይ ያለችውን የማስተንፈሻ ቡሎን የሚይዝ ቁልፍ፣ ውስጡ የሚታይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ፣ ማጠራቀሚያ ብልቃጥ፣ መርፌ የሌለው ስሪንጅና አንድ ረዳት ነው። ማሽኑ ደልዳላ ቦታ ይቆማል፣ ጎማው ድንጋይ ይደገፍለታል፣ የዘይቱ ማስቀመጫ ቀጥ እንዲል መሪው ይዞራል። ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ይጠረጋል፤ አንዲት የራምፓርት አሸዋ ውስጥ ከገባች የማስተር ሲሊንደሩን ጎሚኒ ትጭራለች። ፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፣ ፕላስቲክም ያበላሻል፤ ስለዚህ ዙሪያውን እርጥብ ጨርቅ ማልበስ፣ ከፈሰሰም ወዲያው በውሃ ማጠብ ነው። በማስቀመጫው ያለውን አሮጌ ዘይት በስሪንጅ መጥጦ አዲስ መሙላት ድካሙን ይቀንሰዋል፤ የማስቀመጫውን ጥቁር ዘይት በቱቦው አዙሮ ማስወጣት አያስፈልግም።

ቀጥሎ ያለውን አዲስ አበባ ጋራዥ በር ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ሰምቶታል፤ ልጁ ወንበር ላይ ሆኖ ፔዳል ይረግጣል፣ መካኒኩ ከሥር ይጮኻል፦ «ምታ! ምታ! ያዝ!» ኤቲቪ ላይ በእግር ፋንታ እጅ ይሆናል እንጂ ነገሩ ያው ነው። የፕላስቲክ ቱቦው ማስተንፈሻዋ ላይ ይሰካል። ረዳቱ እጀታውን ደጋግሞ ጨብጦ ይይዛል፤ ሌላው ማስተንፈሻዋን ሩብ ዙር ይፈታል፤ ዘይትና አረፋ በቱቦው ይወጣል፣ እጀታው ይሰምጣል። እጀታው ከመለቀቁ በፊት ማስተንፈሻዋ ትዘጋለች። ይህ ቅደም ተከተል ከተዛባ ቱቦው አየሩን መልሶ ይጠጣዋል፤ ብዙ ሰው «እምቢ አለኝ» የሚለው እዚህች ላይ ስቶ ነው። የቱቦው ጫፍ ብልቃጡ ውስጥ ካለ ዘይት ሥር መስመጥ ያለበትም ለዚሁ ነው። በየመሃሉ ማስቀመጫውን ማየት ግድ ነው፤ ከታችኛው መስመር ወርዶ ባዶ ከሆነ ሁሉም ከሀ ይጀመራል። ከሁለቱ የፊት ጎማዎች አብዛኛውን ጊዜ ከማስተር ሲሊንደሩ በቱቦ የሚርቀው ይቀድማል፤ የማሽኑ መመሪያ ሌላ ካለ ግን እሱን መስማት ነው። ማስተንፈሻዋ ቀጭን ናት፤ ጉልበት የሚወድ መካኒክ ይቆርጣታል።

ዘይቱ ጠርቶ ወጥቶ፣ አረፋም ጠፍቶ እጀታው አሁንም ከለሰለሰ፣ አየሩ ላይኛው የቱቦ መጋጠሚያ ላይ ተደብቆ ይሆናል። አየር ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች መሄድ አይወድም። ካሊፐሩንና መጋጠሚያውን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ብሎ ማንኳኳት፣ ወይም የፍሬኑን እጀታ ከመሪው ጋር በገመድ አስሮ ማሳደር ይረዳል፤ ጠዋት ሲፈታ ጠንክሮ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሸራው ሳስቶ ከሆነ መሙላቱ ላይ ስስት ይሻላል። ሸራ ሲያልቅ ፒስተኑ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ዘይቱ ሳይፈስ ዝቅ ይላል። ያን ጊዜ እስከ አፉ የሞላ ሰው፣ አዲስ ሸራ አስገብቶ ፒስተኑን ሲመልስ ዘይቱ ገንፍሎ ታንከሩን ያለብሰዋል።

አሮጌው ዘይት ከሞተር ዘይት ጋር አይቀላቀልም፤ ታሽጎ ከተማው የቤት ኬሚካል ወደሚቀበልበት ይወሰዳል። የእንግልውድ የመንገድ ዳር ፍሳሽ ሳይጣራ ወደ ሊትል ድራይ ክሪክና ወደ ሳውዝ ፕላት ወንዝ ነው የሚሄደው። የተረፈው አዲስ ዘይትም ለከርሞ አይቀመጥም፤ የተከፈተ ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ ሆኖ ውሃውን መጠጣት ይቀጥላል። ሥራው ሲያልቅ የሙከራው ቦታ የእንግልውድ ብሮድዌይ ጎዳና አይደለም፤ ኤቲቪ ለከተማ ጎዳና አልተመዘገበም። በግቢ ውስጥ በእርምጃ ፍጥነት ተነድቶ የፊቱም የኋላውም ለየብቻ ይያዛል፣ ማስተንፈሻዎቹ ዘይት ማንጠባጠብ አለማንጠባጠባቸው በደረቅ ጨርቅ ይታያል፣ ከዚያ ተጎታቹ ላይ ይጫናል።