የዕፀዋት ሳይንስ ተማሪ ምን አገኘ? የኢትዮጵያ ፍሎራ በተማሪዎች እጅ እንዴት እንደ ተጻፈ

(በቦሌ ሚካኤል የተደረገ ሕዝባዊ ንግግር ጽሑፍ)



የአንድ የትምህርት ክፍል ዓመታዊ ዜና ምን እንደሚመስል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይህን ያህል ተማሪዎች ተመረቁ፤ እገሊት በከፍተኛ ማዕረግ አጠናቀቀች፤ እገሌ ወደ ውጭ አገር የትምህርት ዕድል አገኘ፤ ይህን ያህል ጽሑፎች በዓለም አቀፍ መጽሔቶች ታተሙ። እኔም እንዲህ ያለውን ዜና ሳዘጋጅ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ዜናው እውነት ነው፤ የሚያስደስትም ነው። ሆኖም አንድ ወላጅ ወይም አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ አንብቦት ሲጨርስ፣ «ለመሆኑ ይህ ልጅ ምን አገኘ? አገሪቱስ ከዚህ ቀደም የማታውቀውን ምን አወቀች?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱን ከጽሑፉ አያገኘውም። በዕፀዋት ሳይንስ የተማሪ ውጤት በምን ይለካል ለሚለው ጥያቄ አገራችን ግልጽ መልስ አላት። መልሱም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በአራት ኪሎው የሳይንስ ግቢ፣ በብሔራዊ ሄርባሪየም ቁም ሣጥኖች ውስጥ ተደርድሮ ይገኛል።

ሄርባሪየም የደረቁ ዕፀዋት ቤተ መዛግብት ነው። አንድ ተክል ከነአበባው ወይም ከነፍሬው፣ ሣር ከሆነ ደግሞ ከነሥሩ ይወሰዳል። በጋዜጣ ወረቀት መካከል ተዘርግቶ በእንጨት መጭመቂያ ይታሰራል፤ እርጥበቱን የመጠጠው ወረቀት በየዕለቱ እየተለወጠ እስኪደርቅ ይቆያል፤ ከዚያም በጠንካራ ወረቀት ላይ ይለጠፋል። በወረቀቱ ጥግ የተገኘበት ሥፍራ፣ ከፍታው፣ የአፈሩ ዓይነት፣ ቀኑ፣ የአካባቢው ሰው የሚጠራበት ስም፣ ስሙ በየትኛው ቋንቋ እንደ ሆነ፣ እንዲሁም የሰብሳቢው ስምና ተራ ቁጥር ይጻፋል። ይህ መግለጫ ከሌለው ናሙናው ድርቆሽ ነው። የመስክ ጉዞ ያደረጋችሁ እንደምታውቁት፣ ከተራራ መውጣቱ ይልቅ የሚከብደው ማታ ደክሞ ገብቶ በኩራዝ ወይም በባትሪ ብርሃን ወረቀት መለወጡና መግለጫ መጻፉ ነው። ተማሪ የሚለየው በዚያ ሰዓት ነው እላለሁ።

ነገሩ ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳስበኝ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ዕፀዋት በሳይንስ የተመዘገቡት ለረጅም ዘመን በውጭ አገር ሰዎች እጅ ነበር። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ዐድዋ መጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1878 እስኪሞት ድረስ በዚሁ አገር ኖሮ የሰበሰባቸው ናሙናዎች በአውሮፓ ሄርባሪየሞች ተሠራጭተዋል። ዛሬ በየአጥሩ የምናየው ስሚዛ፣ ሰንሰልም የምንለው፣ ሳይንሳዊ ስሙ የሺምፐርን ስም የያዘ ነው። ካርቲን ዲዮንና ፕቲ የተባሉት ፈረንሳውያን ሁለቱም ወደ አገራቸው ሳይመለሱ እዚሁ ሞቱ፤ የሰበሰቡት ግን ፓሪስ ደርሶ፣ አሺል ሪሻር እ.ኤ.አ. ከ1847 እስከ 1851 ላሳተመው የሐበሻ ፍሎራ መሠረት ሆነ። ከእነርሱ በኋላም ጣሊያናዊው ኪዮቬንዳ በፍሎረንስ ሠራ፤ ኩፎዶንቲስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1972 የአገራችንን ዕፀዋት ዝርዝር በብራስልስ በተከታታይ አወጣ።

የእነዚህን ሰዎች ድካም ማቃለል አይገባም። ችግሩ ሌላ ነው። የአንድ ዝርያ ሳይንሳዊ ስም የሚጸናው ስሙ ሲወጣለት መነሻ በሆነው ናሙና ላይ ነው፤ ጥርጣሬ በተነሣ ቁጥር ሊቁ ተመልሶ የሚያየው ያንኑ ወረቀት ነው። መነሻ ናሙናዎቹ በፓሪስ፣ በለንደን፣ በፍሎረንስና በበርሊን ስለ ነበሩ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ከአባቱ ማሳ ዳር የቆረጠውን ቅጠል በእርግጠኝነት ለመሰየም ባሕር መሻገር ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1943 የበርሊን ሄርባሪየም በቦምብ ሲቃጠል ደግሞ እጅግ ብዙ መነሻ ናሙናዎች ጠፉ። መንትያቸው ወደ ሌላ ከተማ የተላኩት ግን ምስክር ቀረላቸው። አንድን ተክል ከሦስት እስከ አምስት ቅጂ ሰብስቡ እያልን ተማሪዎችን የምናስቸግረው ስለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ፣ በስዊድን መንግሥት የገንዘብ ድጋፍ፣ የኢትዮጵያ ፍሎራ ፕሮጀክትን ጀመሩ። በስዊድን በኩል ኢንጋና ኡሎቭ ሄድበርይ፣ በኢትዮጵያ በኩል ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር መሪዎቹ ነበሩ። ከፕሮጀክቱ ውሳኔዎች ሁሉ ብልኅ የምለው መጽሐፉን የሚጽፉ ሰዎችን አብሮ ለማሠልጠን መነሣቱን ነው። ቀላሉ መንገድ ሥራውን ላወቁት የአውሮፓ ሊቃውንት መስጠት ነበር። በእርግጥ ከእነርሱም ብዙዎች ጽፈዋል፤ የሣሩን ቅጽ ያዘጋጁት እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፊሊፕስ ናቸው። ነገር ግን አንዳንድ ታላላቅ ቤተሰቦች ለተማሪዎች ተሰጡ፤ ተማሪዎቹም አደረሷቸው።

ዶክተር መስፍን ታደሰ እ.ኤ.አ. በ1984 በኡፕሳላ ያቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ ባይደንስ በተባለው ወገን ላይ ነበር። ባይደንስ ማለት አደይ አበባችን ያለበት ወገን ነው። ዛሬ አንድ ተማሪ «ዶክትሬቴን በአደይ አበባ ላይ እሠራለሁ» ብሎ ለቤተሰቡ ቢናገር የሚሰማውን መልስ መገመት አያስቸግርም። ይሁንና እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር በእጃችን የምንይዘው አበባ ስንት ዝርያ እንደ ሆነ፣ አንዱ ከሌላው በምን እንደሚለይና የት እንደሚበቅል ሳይታወቅ ኖሮ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ እኚሁ ሰው አደይን፣ ኑግን፣ ሱፍን፣ ግራዋንና ጭቁኝን የሚያቅፈውን ሰፊ ቤተሰብ የያዘውን የፍሎራ መጽሐፍ በሙሉ ጻፉ። የተማሪነት ሥራቸው ለዚያ መጽሐፍ የመጀመሪያው ድንጋይ ነበር።

ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው እ.ኤ.አ. በ1985 የተመረቁት በአጣጥ ወገን ላይ ሠርተው ነው። አጣጥና ጫት ከአንድ ቤተሰብ መሆናቸውን የማታውቁ ካላችሁ ዛሬ እወቁ። ያ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው ቅጽ 3 ውስጥ በእርሳቸው ብዕር ሠፍሯል። በኋላ የፕሮጀክቱ መሪ ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በለንደን የሚገኘው የኪው ንጉሣዊ የዕፀዋት ተቋም ዓለም አቀፍ ሜዳሊያውን ሰጣቸው። ዜና የሆነው ሜዳሊያው ነው። እኔ ግን በሜዳሊያውና በአጣጡ መካከል ያለው የ31 ዓመት ርቀት የበለጠ ያስተምረኛል። ፕሮፌሰር እንሰርሙ ቀልቤሳም ከስሚዛ ዘመዶች አንዱን የደን ወገን ለዶክትሬታቸው አጥንተው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ቅጽ 5 ውስጥ ቤተሰቡን በሙሉ ጽፈዋል። ፕሮፌሰር ዘሪሁን ወልዱ የማዕከላዊ ሸዋን የሣር ምድር፣ ፕሮፌሰር ታምራት በቀለ የዚያኑ አካባቢ የደን ቅሪቶች በዶክትሬት ጽሑፋቸው አጥንተዋል፤ በእነርሱ ሥራ ላይ በኋላ እመለሳለሁ።

ሥራው የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ 8 ቅጽ፣ በ10 መጽሐፍ። የመጀመሪያ ሆኖ የታተመው ቅጽ 3 ሲሆን፣ ቅጽ 1 ከመጨረሻው ከቅጽ 8 ጋር በአንድ ዓመት ወጣ። ቅደም ተከተሉ የሚያስቅ ይመስላል፤ ግን የደረሰው እህል ቀድሞ ይታጨዳል። በእነዚህ መጻሕፍት ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ ከመቶ 10 ያህሉ በዚህ ምድር ብቻ የሚገኙ ናቸው። እያንዳንዱ ገጽ ወደ አንድ ወረቀት፣ እያንዳንዱ ወረቀት ወደ አንድ ሰብሳቢና ወደ አንድ ቀን ይመልሳችኋል።

እዚህ ላይ «ስሙ ታወቀ፤ ታዲያ ምን ይጠቅማል?» የሚል አይጠፋም። የእንዶድ ነገር መልስ ይሰጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ስለ ነበር ነገሩ ዓለምን ያነጋገረ ምርምር ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። ዶክተር አክሊሉ የጥገኛ ተሕዋስያን ሊቅ እንጂ የዕፀዋት ሊቅ አልነበሩም። ሆኖም ምርምሩ ሲቀጥል፣ ከልዩ ልዩ ሥፍራ የመጣ እንዶድ ኃይሉ እኩል እንዳልሆነ ተደረሰበት። ያን ጊዜ ጥያቄው «ይህኛው ከየት መጣ?» የሚል ይሆናል። ቦታው ያልተጻፈበት ናሙና ለዚህ ጥያቄ ዲዳ ነው።

አሁን ወደ ቆምንበት ሥፍራ ልምጣ። ቦሌ ሚካኤል ዛሬ ፎቅና አስፋልት ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከመሠራቱ በፊት ግን ይህ ሁሉ የኦሮሞ አርሶ አደሮች እርሻና የከብት ግጦሽ ነበር። በዚህ አካባቢ ቤት የሠራ ሰው መሠረት ሲያስቆፍር ጥቁሩን አፈር ያውቀዋል፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለው አፈር የራሱ ሣርና ማገጥ አለው። ፕሮፌሰር ዘሪሁን ያጠኑት የሸዋ ሣር ምድር የዚህ ሜዳ ዘመድ ነው። አሁን ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ተማሪ እዚህ መጥቶ «በፊት ምን ይበቅል ነበር?» ቢል፣ ሽማግሌዎችን ከመጠየቅ ሌላ ያለው መንገድ ሕንፃው ሳይሠራ አንድ ሰው የቆረጠው፣ ያደረቀውና የጻፈበት ወረቀት ነው። ሰብሳቢ ካላለፈበት ደግሞ መልሱ ከሜዳው ጋር ሄዷል። ምሥራቅ አዲስ አበባ ወደ ገርጂ፣ ወደ ሰሚትና ወደ ቡልቡላ ሲስፋፋ ይኸው ነገር በዓይናችን ፊት እየተደገመ ነው፤ ቆፋሪው መኪና ከእኛ የመስክ መርሐ ግብር ይፈጥናል።

ስለዚህ ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። ወደ ባሌ ወይም ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወስድ መኪናና አበል እስኪገኝ አትጠብቁ። ከቦሌ ሚካኤል አንድ ባዶ ቦታ፣ አንድ የወንዝ ዳር፣ አንድ የአጥር ሥር ምረጡ። አክርማ ተርፎ እንደ ሆነ እዩ። ሙጃውን፣ ሰርዶውን፣ ሳማውን፣ እንቧዩን፣ በየግቢው ያለውን ዳማከሴና ጤና አዳም መዝግቡ። ቅንጨ አረም ካገኛችሁ ደስ አይበላችሁ፤ ግን በጥንቃቄ ያዙት። ይህ መጤ አረም በምን ዓመት የት እንደ ደረሰ የሚታወቀው ቀን በተጻፈበት ናሙና ነውና። ሽማግሌ ስታገኙ ስሙን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ጠይቁ፤ የትኛው በየትኛው ቋንቋ እንደ ሆነ ለይታችሁ ጻፉ። ፕሮፌሰር ዘመደ አስፋው የገብስ ዓይነቶችን ያጠኑት አርሶ አደሩ የሚሰጣቸውን ስሞች ጭምር በማድመጥ ነው፤ አርሶ አደሩ ሁለት ስም የሰጠው ነገር ሁለት የሚሆንበት ምክንያት ብዙ ጊዜ አለው።

ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ይህን ትምህርት ሳትመርጡት በምደባ እንደ መጣችሁ አውቃለሁ። የሞለኪውል ላቦራቶሪ ሥራ የተሻለ ገበያ እንዳለው የሚነግራችሁም ብዙ ነው፤ አልዋሽም፣ በአብዛኛው እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ላቦራቶሪው የሚያነበው ዘረ መል የየትኛው ተክል እንደ ሆነ የሚናገር ሰው ያስፈልገዋል። ፍሎራውን የጻፈው ትውልድ በጡረታ እየተሰናበተ ነው፤ ሣርን ከሣር በዓይኑ የሚለይ ወጣት በጣት የሚቆጠር ሆኗል። በሚቀጥለው ዓመት ዜናችን ውስጥ ከተመራቂዎቹ ቁጥር ቀጥሎ እያንዳንዱ ተማሪ ስንት ናሙና ለሄርባሪየሙ እንዳስገባ፣ ከየትኛው ሥፍራ እንደ ሆነና ከእነዚያ ውስጥ በአካባቢው ተመዝግቦ የማያውቅ ካለ እንዲጻፍ ለትምህርት ክፍሉ አሳስባለሁ። ይህ ደንብ ለመምህራንም ይሠራል።

በመጨረሻ አንድ የአሠራር ነገር። ክረምቱ ሲወጣ አብዛኞቻችሁ በአደይ አበባ እንደምትጀምሩ አልጠራጠርም፤ ጀምሩ። መግለጫው ላይ «አዲስ አበባ» ብላችሁ አትለፉ፤ «ቦሌ ሚካኤል» በሉና ከየትኛው ወንዝ ወይም መንገድ በየት በኩል እንደ ሆነ፣ 2,300 ሜትር ገደማ የሆነውን ከፍታ በመሣሪያ ለክታችሁ ጻፉ። የባይደንስ ዝርያዎች በአበባ ብቻ አይለዩም፤ የፍሬው ቅርጽ መታየት አለበት። ስለዚህ በመስከረም አበባውን የሰበሰበ ቦታውን ምልክት ያድርግበት፤ በጥቅምት ፍሬው ሲበስል ወደዚያው ተመልሶ በአዲስ ተራ ቁጥር ይሰብስብ፤ በሁለተኛው መግለጫም የመጀመሪያውን ቁጥር ይጥቀስ።