ሽጉጡ ከቁም ሣጥን፣ ጦርነቱ ከባሕር ማዶ



ይህ ጽሑፍ በሬዲዮ ዝግጅታችን ያቀረብነው ንግግር ነው። ሳይሰሙት ያመለጣቸው ቤተሰቦች በመጽሔቱ እንዲወጣላቸው ስለ ጠየቁን ጥቂት አስፋፍተን አትመነዋል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተነሣው ከአንድ አድማጫችን ስልክ ነው። ታላቅ ወንድሙ በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ ኮሎምበስ ከተማ ይኖራል። ሌሊት ሌሊት ነዳጅ ማደያ ውስጥ ባለች ሱቅ ይሠራል። ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። ይህ ሰው ሽጉጥ ገዝቶ ቤቱ አስቀምጧል። አዲስ አበባ ያሉት እናቱ ይህን ከሰሙ ወዲህ እንቅልፍ አጥተው "ልጄ ከማን ጋር ተጣላ?" እያሉ ይጠይቃሉ። ደዋያችንም እንዲህ አለን፦ "ኡስታዝ፣ እዚያ አገር ሰው ከማንም ሳይጣላ መሣሪያ የሚገዛው ለምንድን ነው? መንግሥታቸው በየአገሩ የሚዋጋውስ ሕዝቡ መሣሪያ ስለሚወድ ነው?"

ለሁለተኛው ጥያቄ "አዎ" ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። በየሻይ ቤቱ የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው። ብዙዎቻችን አሜሪካን የምናውቃት በፊልም ነውና፣ አሜሪካዊ ሲባል ወገቡ ላይ ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ዓይናችን ላይ ይመጣል። ነገር ግን አንድን ሕዝብ በሐሜት መፍረድ አይገባምና ጉዳዩን ከሥሩ እንየው።

በመጀመሪያ ቁጥሩን እንመልከት። መቀመጫውን ጄኔቫ ያደረገ አንድ የቀላል መሣሪያዎች ጥናት ድርጅት ስለ 2017 ባወጣው ግምት፣ በአሜሪካ በግለሰቦች እጅ 393 ሚሊዮን መሣሪያ ነበር። የሕዝቡ ቁጥር ያን ጊዜ 326 ሚሊዮን ገደማ ስለ ነበር መሣሪያው ከሰዉ በልጧል ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን ልብ በሉ! ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2023 ሲጠይቅ፣ የራሴ መሣሪያ አለኝ ያለው ከሦስት አዋቂ ሰዎች አንዱ ገደማ ብቻ ነው። መሣሪያ ባለበት ቤት የሚኖረውም ከአሥር ሰዎች አራቱ ያህል ነው። ስለዚህ አብዛኛው አሜሪካዊ የሚያድረው መሣሪያ በሌለበት ቤት ነው፤ ያላቸው ግን አንድ ብቻ ይዘው አይቀመጡም። በፖለቲካውም ይለያያሉ፤ በዚያው ጥናት ከሪፐብሊካኖች 45 በመቶ፣ ከዴሞክራቶች 20 በመቶ መሣሪያ አላቸው። እንግዲህ "አሜሪካውያን" ብለን በአንድ ቃል የምንጠራቸው ሰዎች በዚህ ጉዳይ እርስ በርሳቸው አይስማሙም።

ታዲያ መሣሪያን ከመብት የቆጠሩት ለምንድን ነው? በሚያዝያ ወር 1775 የእንግሊዝ ንጉሥ ወታደሮች፣ ገበሬዎቹ ኮንኮርድ በተባለች ከተማ ያከማቹትን መሣሪያና ባሩድ ሊወርሱ ከቦስተን በሌሊት ወጡ። መንገድ ላይ ሌክሲንግተን ሲደርሱ ተኩስ ተከፈተ፤ የነጻነት ጦርነቱም ከዚያ ጀመረ። አሜሪካዊ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ ስለ አገሩ ልደት ሲማር የሚያገኘው ታሪክ፣ መንግሥት መሣሪያ ሊቀማ ሲመጣ ሕዝቡ እምቢ ያለበትን ቀን ነው። በ1791 የጸደቀው የሕገ መንግሥታቸው ሁለተኛ ማሻሻያም ከዚያ ፍርሃት የተወለደ ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት፤ ስለ ሕዝባዊ ሚሊሻም፣ ሕዝቡ መሣሪያ ስለ መያዙም ትናገራለች። መብቱ የሚሊሻው ነው ወይስ የእያንዳንዱ ሰው? የሚለው ክርክር ከ200 ዓመት በላይ ቆየ። ዋሽንግተን ከተማ፣ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ማለታችን ነው፣ ከ1976 ጀምሮ ነዋሪዎች አዲስ ሽጉጥ እንዳይዙ የሚከለክል ሕግ ነበራት። በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ ያንን ሕግ ሻረው፤ ሰው ቤቱ ውስጥ ራሱን ለመከላከል መሣሪያ መያዝ የግል መብቱ ነው አለ። መብቱ ግን ገደብ የለውም ማለት አይደለም ሲል በዚያው ፍርድ ጨመረበት። ይህችን ተጨማሪ ቃል ብዙ ሰው አያነሣትም።

መብቱ በወረቀት ለሁሉም ነው፤ በተግባር ግን ለሁሉም እኩል አልነበረም። በ1956 የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤት ቦምብ ተጣለበት። እርሱም ሽጉጥ ለመያዝ ፈቃድ ጠየቀ፤ ባለሥልጣናቱ ከለከሉት። ከዚያ በኋላ ኪንግ መሣሪያን ፈጽሞ ተወ። በ1967 ደግሞ የጥቁሮች ድርጅት የነበረው ብላክ ፓንተር አባላት ጠመንጃ ይዘው ካሊፎርኒያ ምክር ቤት ገቡ። በዚያው ዓመት ግዛቲቱ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ በአደባባይ መያዝን ከለከለች። ሕጉን የፈረመው አገረ ገዢ ሮናልድ ሬገን ነበር፤ በኋላ ፕሬዚዳንት ሲሆን የመሣሪያ ባለቤቶች ትልቁ ወዳጅ የተባለው ሰው ማለት ነው። ኪንግ በ1968 በጠመንጃ ተገደለ። በዚያው ዓመት የወጣው የመሣሪያ ቁጥጥር ሕግም የእርሱንና የሮበርት ኬኔዲን ግድያ ተከትሎ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ኮሎምበሱ ወንድማችን እንመለስ። በቀድሞው ዘመን አሜሪካዊ መሣሪያ የሚገዛው በአመዛኙ ለአደን ነበር። በ1999 ባለ መሣሪያዎች ዋና ምክንያታችሁ ምንድን ነው ተብለው ሲጠየቁ 49 በመቶዎቹ አደን፣ 26 በመቶዎቹ ራስን መጠበቅ አሉ። በ2013 ነገሩ ተገልብጦ ራስን መጠበቅ 48 በመቶ፣ አደን 32 በመቶ ሆነ። እንግዲህ ሽጉጡ የሚገዛው ከሰው ስለ ተጣሉ ላይሆን ይችላል፤ የሚፈራው ሰው ገና ያልታወቀ ነው። ሌሊት ብቻውን ገንዘብ መቀበያ ፊት የሚቆም ሰው ፍርሃቱ ከንቱ ነው ልንል አንችልም፤ ሱቅ ውስጥ የተገደሉ ወገኖችን ዜና ሰምተናል። በኛም ገጠር ጠመንጃ የክብር ዕቃ የሆነበት አካባቢ አለ። ነገር ግን እዚያ ማን ምን እንደ ታጠቀ ጎረቤቱም ሽማግሌውም ያውቃል። በአሜሪካ ከተማ ግን የፎቅ ጎረቤትህ መሣሪያ ይኑረው አይኑረው አታውቅም።

ፍርሃቱ እውነት ከሆነ መድኃኒቱስ ያድናል ወይ? ለቤተሰብ ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። በ2021 በአሜሪካ በመሣሪያ የሞቱት 48,830 ሰዎች ናቸው። ከእነዚህ መካከል በሌላ ሰው እጅ የተገደሉት 20,958 ነበሩ፤ 26,328ቱ ግን የሞቱት በገዛ እጃቸው ነው። ይህን ስታነቡ ቆም በሉ። ሌባ ይመጣል ተብሎ ከተቀመጠው መሣሪያ የሚሞተው ብዙውን ጊዜ የቤቱ ሰው ነው። ከ2020 ጀምሮም ከ1 እስከ 19 ዓመት ላሉ ልጆችና ወጣቶች መሣሪያ ከመኪና አደጋ በልጦ ቀዳሚው የሞት ምክንያት ሆኗል።

ስለ ራስ ማጥፋት መናገር በኛ ቤት ነውር ነው። ሐራም መሆኑን ሁላችን ስለምናውቅ፣ የሚያውቅ ሰው አያደርገውም ብለን ዝም እንላለን። ዝምታችን ግን የተጨነቀውን ሰው ብቻውን ይተወዋል። ሐኪሞች የሚሉት እንዲህ ነው፦ ክፉዋ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ አጭር ናት፤ ያለፈችለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዳግመኛ አይሞክርም። መሣሪያ በእጅ ካለ ግን ሰዓቲቱ እስክታልፍ ፋታ አይሰጥም። ስደት፣ የሌሊት ሥራ፣ የትዳር ጭቅጭቅ፣ ከዘመድ መራቅ የተደራረበበት ሰው ሊጨነቅ ይችላል፤ መጨነቁም ኢማኑ ጎደለ ለማለት ማስረጃ አይሆንም።

ከዚህ በኋላ የደዋያችንን ሁለተኛ ጥያቄ እንይ። ጦርነትንስ የሚደግፉት መሣሪያ ስለሚወዱ ነው? እንደዚያ ቢሆን ኖሮ መሣሪያው በበዛበት ዘመን ሁሉ ጦርነት በተወደደ ነበር፤ ታሪኩ ግን ሌላ ነው። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ወጣቱ የሚዘምተው በግዳጅ ነበር። የጥሪ ደብዳቤው የሀብታሙንም የድኻውንም በር ሊያንኳኳ ይችላል፤ ምንም እንኳ ባለ ገንዘቡ ማምለጫ ባያጣም። ሁላችን የምናውቀው ቦክሰኛ ሙሐመድ ዐሊ በሚያዝያ 1967 አልዘምትም አለ፣ ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም ብሎ። ሻምፒዮንነቱን ተነጠቀ፤ አምስት ዓመት እስር ተፈረደበት። በይግባኝ ወጥቶ ሲከራከር ከሦስት ዓመት በላይ ከቀለበት ርቆ ቆየ፤ በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረለት። ያን ጊዜ የነበረው ኔሽን ኦፍ ኢስላም ውስጥ ነው፤ ወደ ሱንኒ ኢስላም የመጣው በ1975 ነው። እርሱ እምቢ ባለ ጊዜ ብዙ አሜሪካዊ ሰደበው። ኋላ ከ58,000 በላይ የአሜሪካ ወታደር ከሞተ፣ ከቬትናማውያን የሞተውም እጅግ ከበዛ በኋላ፣ ያው ሕዝብ ጦርነቱ ስሕተት ነበር አለ።

በ1973 የግዳጅ ውትድርናው ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሚዘምተው በፈቃዱ የተቀጠረ ሰው ነው። ዛሬ በመደበኛው ጦር ውስጥ ያለው ከመቶው ሕዝብ አንድ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ለብዙው ቤተሰብ ጦርነት የሌላ ሰው ልጅ የሚሄድበት ነገር ሆነ። ወታደር ሲያዩ ስላገለገልከን እናመሰግናለን ይሉታል፤ አውሮፕላን ላይ ቅድሚያ ይሰጡታል። የት እንደ ዘመተ ግን የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ከ1991 እስከ 2009 ከውጭ የሚመለሰው የወታደር አስከሬን ሣጥን በጦር ሰፈሩ እንዳይነሣ ለጋዜጠኞች ተከልክሎ ነበር። ሕዝቡ ሣጥኑን ሳያይ እንዴት ይቁጠር?

ከመስከረም 2001ዱ ጥቃት በኋላ ፕሬዚዳንቱ ኃይል እንዲጠቀም ሲፈቀድ፣ በተወካዮች ምክር ቤት 420 ሰዎች ደገፉ፤ የተቃወመችው ባርባራ ሊ ብቻዋን ነበረች። የግድያ ዛቻ ስለ ደረሰባት ጠባቂ ተመደበላት። በ2002 የኢራቁ ጉዳይ ሲቀርብ ግን በዚያው ምክር ቤት 133 ተቃወሙ፤ በሴኔቱም 23። በመጋቢት 2003 ጦርነቱ ሲጀመር፣ ጋሉፕ እንደ ዘገበው ከመቶ 72 አሜሪካዊ ደገፈው። አለ የተባለው የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አልተገኘም። የኢራቅ ሕዝብ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ገበረ፤ ስንት ከተማ ፈረሰ። ዓመታት ሲያልፉም ከአሜሪካውያን መካከል ስሕተት ነበር የሚለው በዛ። በ2013 ፕሬዚዳንት ኦባማ ሶሪያን ለመምታት ከኮንግረስ ፈቃድ ሲጠይቅ ሕዝቡ በአብዛኛው አልደገፈም፤ ድምፅም ሳይሰጥበት ቀረ። ያን ጊዜ መሣሪያው ከቬትናም ዘመን ይልቅ በዝቶ ነበር። አጥብቀው ከተቃወሙት መካከልም "መንግሥት ከቤቴም ከሰው አገርም እጁን ይሰብስብ" የሚሉ፣ መሣሪያቸውን የሚወዱ ሰዎች ነበሩ።

እንግዲህ የቤቱ ሽጉጥና የባሕር ማዶው ጦርነት እንደሚባለው አንድ አይደሉም። አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ቢኖር፣ በሁለቱም ጉዳይ አደጋው ከውጭ ነው የሚመጣው ተብሎ መታሰቡ ነው። ሁለቱ በእውነት የሚገናኙበት ቤት ደግሞ አለ፤ የተመላሹ ወታደር ቤት። በ2021 ብቻ 6,392 የቀድሞ ወታደሮች ራሳቸውን አጥፍተዋል፤ ከአሥሩ ሰባቱ በመሣሪያ። ከጦር ሜዳ ተርፎ የመጣ ሰው ማለት ነው።

ለደዋያችን ሽጉጡን ይሽጥ ብለን አልፈረድንም። ሌሊት ብቻውን የሚቆመው እርሱ ነው፤ እኛ እዚህ ተቀምጠን ማዘዝ አይቀናንም። የት እንዳስቀመጠው፣ ጥይቱ ውስጡ ይሁን ለብቻው፣ ልጆቹስ ያውቁ እንደ ሆነ ጠይቅልን አልነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለ። ወንድሙ "ከቁም ሣጥን ላይ ነው፤ ልጆቹ አያውቁም" ብሎት ነበር። እናትየው ግን በስልክ የዘጠኝ ዓመቱን ልጅ ቢጠይቁት፣ "የጫማ ካርቶን ውስጥ ነው" ብሎ ነገራቸው። አባትየው በማግሥቱ የሚቆለፍ የብረት ሣጥን ገዛ፤ ጥይቱንም ለይቶ ሌላ ቦታ ቆለፈበት።

እዚያ አገር የምትኖሩ ወላጆች፣ ልጃችሁ ሰው ቤት ሊጫወት ሲሄድ "መሣሪያ አላችሁ? ተቆልፏል?" ብላችሁ ጠይቁ። እዚያ የሕፃናት ሐኪሞችም ወላጆች እንዲጠይቁ ይመክራሉ። በኛ ባህል የሰውን ቤት ዕቃ መጠየቅ ያሳፍራል፤ ለውዝ የማይስማማው ልጅ እናት ግን ስለ ምግቡ ሳታፍር ትጠይቃለች። ዘመድ ከጨነቀውም፣ ክፉዋ ሰዓት እስክታልፍ መሣሪያው ከቤት ወጥቶ የታመነ ሰው ዘንድ ይቀመጥ፤ እርሱም ብቻውን አይደር፣ ሐኪም ዘንድም ይወሰድ። በስልክ ቁጥር 988 ሌትና ቀን የሚያነጋግሩ ባለሙያዎች አሉ፤ አማርኛ ለሚፈልግም አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል።

በዚህ ጉዳይ ሌሎችም ጥያቄዎች ደርሰውናል፤ ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ዝግጅታችን እናያቸዋለን።