ካራው የማን እጅ ሥራ ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ሰንጢ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ታክሲ ሰልፍ ላይ ኪስ የሚቀድ ሌባ፣ ወይም በር ላይ ቆሞ የሚፈትሽ ጥበቃ ነው። ጊምቢቹ አካባቢ ግን ትንሽ ስለት ይዞ መዞር ማንንም አያስደነግጥም። ጊምቢቹ በሐዲያ ዞን የሶሮ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ አገሩ የእንሰት አገር ነው፤ እንሰት ደግሞ ከጓሮ እስከ ምጣድ ስለት ሳይነካው አያልፍም። ቅጠሉ ይቆረጣል፣ ቃጫው ይበጠሳል፣ ሊጡ ይከተከታል። በዚያ ላይ ሸንኮራ የሚልጥ ልጅ አለ፣ ገመድ የሚቆርጥ እረኛ አለ፣ በትር የሚያለዝብ ሽማግሌ አለ።

በአንድ ኪስ ውስጥ ሊገኙ የሚችሉ ሁለት ዓይነት ስለቶች አሉ። የሚታጠፈው ሰንጢ የሱቅ ዕቃ ነው፤ ከውጭ ይመጣል። ዓለም ላይ የሰንጢ ሰብሳቢዎች ብዙ ናቸው፤ ቀላሉን የገበሬ ሰንጢ የሚያሳድዱም አሉ። ፈረንሳዊው ጆሴፍ ኦፒኔል በ1890 እ.ኤ.አ. ሳቮይ በሚባለው ተራራማ አገር የሠራት ባለ እንጨት እጀታ ሰንጢ ዛሬም መልኳን ብዙ ሳትቀይር ትሸጣለች። ለእኛ የምትቀርበው ግን ኦካፒ ናት። መጀመሪያ ጀርመን ውስጥ ለአፍሪካ ገበያ ተብላ ተሠራች፤ አሁን የምትመረተው ደቡብ አፍሪካ ነው። እጀታዋ ላይ ጨረቃና ኮከብ አላት፤ ስትከፈት ቀጭ ቀጭ ትላለች፤ ለመዝጋት ጀርባዋ ላይ ያለችውን ቀለበት መሳብ ያስፈልጋል። ከሐዲያና ከከምባታ ስንት ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሄደ ለሚያውቅ ሰው ኦካፒ እንግዳ ስም ላይሆን ይችላል።

ሁለተኛው ዓይነት አይታጠፍም። የአገር ቤት ቀጥቃጭ የሚሠራው ትንሹ ካራ ነው፤ ስለቱ ከጣት ብዙም አይረዝምም፣ ማደሪያው የቆዳ አፎት ነው። የሚታጠፍ ለመሥራት ልኩ የማይዛነፍ ቀዳዳ፣ ማያያዣ ምስማርና ውጥር ብሎ የሚይዝ ሞላ ያስፈልጋል። ወናፍ፣ ጉጠትና መዶሻ ይዞ ለሚሠራ ሰው ያ ሁሉ ድካም ትርፉ አይታይም። እኔም ብሆን የማምነው በማይታጠፈው ነው፤ የሚላላ ነገር የለውማ።

ብረቱ በአብዛኛው የመኪና ባሌስትራ ነው። ምርጫው በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፤ ባሌስትራ ጎብጦ እንዲመለስ የተሠራ ብረት ስለሆነ በቂ ካርቦን አለው፤ ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። የሕንፃ ፌሮ ግን ምንም ቢግል፣ ምንም ውሃ ቢጠጣ ለስለት የሚሆን ጥንካሬ አያገኝም፤ ከፌሮ የተቀጠቀጠ ቢላ መልኩ ቢያምር እንኳ ሁለት ቀን ሳይቆርጥ ይደነዝዛል። ቀጥቃጩ ባሌስትራውን በመሮ ይከፍላል፤ ወናፉን ልጅ ይነፋለታል፤ ብረቱ ደም ሲመስል አውጥቶ ይመታዋል፣ ሲጠቁር መልሶ ይከተዋል። ቅርጹ ከወጣ በኋላ ውሃ የሚነካው አፉ ብቻ ነው፤ ጀርባው ለስላሳ ሆኖ ካልቀረ ካራው እንደ ጠርሙስ ይሰበራል። ጭራውን ደግሞ አግሎ በእንጨቱ ወይም በቀንዱ እጀታ ውስጥ ይሰድደዋል፤ ጢሱ ይትጎለጎላል፣ እጀታው ውስጡ ተቃጥሎ ጭራውን አንቆ ይይዛል። የተቃጠለ ቀንድ ሽታ ከልብስ ቶሎ አይለቅም።

ካራው ወደ ቤት ሲገባ ሥራው ይበዛል። ከጉድጓድ የወጣ ቆጮ ተጨምቆ ውሃው ከወጣለት በኋላ ቃጫው እንዲበጣጠስ ይከተከታል። ሴትዮዋ በአንድ እጇ ሊጡን እየገለበጠች በሌላው ስለቱን ታወርድበታለች፤ በየመሀሉ ቆም ብላ አፉ ላይ የተጠመጠመውን ነጭ ቃጫ በጣቶቿ ስባ ትጥላለች። ቆጮ የፈላ፣ ኮምጣጣ ነገር ስለሆነ ብረቱን ያጠቁረዋል፤ ብዙ ያገለገለ ካራ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ መልክ የሚያወጣው ለዚህ ነው። በመስቀል ሰሞን፣ ሐዲያ ያሆዴ፣ ከምባታ መሳላ በሚለው በዓል፣ ተራው የሥጋ ነው፤ የቅርጫው በሬ ከመውደቁ በፊት የቤቱ ስለት ሁሉ ድንጋይ ላይ ይሳላል።

ይኸው ካራ ጉዳትም ያመጣል። እንሰትን የሚያደርቀው አጠውልግ የሚባለው በሽታ ከባክቴሪያ የሚመጣ ነው፤ ተመራማሪዎች ኢትዮጵያ ውስጥ መርምረው በ1968 እ.ኤ.አ. አሳውቀውታል። የታመመ ተክል የቆረጠ ስለት ጤነኛውን ሲነካ በሽታውን ያጋባል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ካራ ከተዋዋሰ ጓሮ ከጓሮ ይዳረሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ስለቱን እሳት ላይ ማለብለብ ወይም በበረኪና ማጠብ። አንድ ተክል ቆርጦ ወደ ሌላው ከመሻገር በፊት በየጊዜው ይህን ማድረግ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ብዙ ሰው የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ሠሪው ልመለስ። በዚህ አገር፣ እንደ ብዙው የኢትዮጵያ ክፍል፣ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ለረጅም ዘመን ተገልሎ ኖሯል፤ ከእርሱ ጋር አይጋቡም፣ በአንድ ገበታም አይቀርቡም ነበር። የመስቀሉን ሥጋ የቆረጠው ስለት የእርሱ ነው፤ ወደ ሥጋው ግን እርሱ አልተጠራም። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል፤ የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅም ራሱ ለሚያርስ ሰው ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ፈቅዷል። አዋጅ ግን የጋብቻን ነገር ቶሎ አይለውጥም።

የድሮ ካራ መሰብሰብ ለጀመረ ሰው ሁለት ነገር እመክራለሁ። አንደኛ፣ ጥቁረቱን በአሸዋ ወረቀት ፈትጎ አያብራው፤ ያ ዝገት አይደለም፣ ዝገቱ ቀይ ነው። ዘይት ነገር ቀብቶ ከአፎቱ አውጥቶ ያስቀምጠው፤ ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ስለቱን ይበላዋል። ሁለተኛ፣ ሲገዛ ዋጋ ብቻ ተከራክሮ አይሂድ። ማን ቀጠቀጠው፣ ከየትኛው መንደር ነው፣ ብረቱን ከየት አገኘው ብሎ ይጠይቅ። ነጋዴው ካላወቀ ቀጥቃጩ ብዙ ጊዜ እዚያው ገበያ ጥግ ላይ አለ። ስሙን በወረቀት ጽፎ እጀታው ላይ ይሰር።